ኤርፖርት ላይ እቃ ሲጠፋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እቃ ኤርፖርት ላይ ሲጠፋ የሚያስደነግጠው የእቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። በረራው ሊነሳ ነው። ቋንቋው የሰው ነው። አጠገብ የሚያውቁት የለም። ዘመድ ወዳጅ ከየአገሩ እየደወለ "ምን ይሻለኛል?" ሲለኝ የመለስኩትን ነው እዚህ የሰበሰብኩት። ጥያቄው ብዙ ቢሆንም መልሱ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ እቃው የቀረው የት ነው? እሱ ከታወቀ ማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ካልታወቀ ግን የማይመለከተው ቢሮ ደጅ ሲጠኑ ቀኑ ይሄዳል።

አሁን ነው ያወቅሁት፤ ገና ከኤርፖርት አልወጣሁም። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አይውጡ። ከሁሉ በፊት እሱ ነው። የመድረሻውን በር አንዴ ካለፉ ወደ ውስጥ መመለስ አይፈቀድም። ውጭ ቆመው በስልክ አምስት ሰዓት የሚለምኑትን ነገር ውስጥ ያለ ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል።

ቁጭ ይበሉና ለመጨረሻ ጊዜ እቃውን በእጅዎ የያዙት የት እንደሆነ ያስቡ። የጃኬትዎን የውስጥ ኪስ፣ የእጅ ሻንጣዎን የጎን ኪሶች እንደገና ይዳብሱ። ከልጆች ጋር ከሆኑ የልጆቹንም ቦርሳ ይዩ። ጠፋ የተባለ ፓስፖርት ከልጅ የስዕል ደብተር መሀል ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በቅርብ ላለ ሠራተኛ ይናገሩ። ዩኒፎርሙ የየትም ይሁን። ብዙዎቹ ሬዲዮ ይዘዋል፤ ወይም ማንን ማናገር እንዳለብዎ ያውቃሉ። ሰዓቱን እና የቆሙበትን የበር ቁጥር ስልክዎ ላይ ጻፍ ያድርጉ። ኋላ ሪፖርት ሲሞሉ ይጠየቃሉ።

የጠፉ እቃዎች ቢሮ አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሰው በጣም የሚንከራተተውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጣሪያ ስር ያለ ስለሚመስለን ሁሉም የአንድ መሥሪያ ቤት ይመስለናል። በአብዛኛው ግን ቦታው በሦስት ባለቤቶች የተከፋፈለ ነው።

ፍተሻው ላይ የቀረ እቃ የፍተሻው ክፍል ነው። አዳራሹ ውስጥ፣ ማለትም ሽንት ቤት፣ ካፌ፣ መጠበቂያ ወንበር፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት፣ የጸሎት ክፍል የቀረ ደግሞ ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረው አካል ጋ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ውስጥ የቀረ ወይም በቼክኢን የተሰጠ ሻንጣ የአየር መንገዱ ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ውጭ የሆኑም አሉ። ነጋዴዎቹ፣ ዲዩቲ ፍሪው፣ ላውንጁ፣ ታክሲው የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ዲዩቲ ፍሪ ሒሳብ ሲከፍሉ ባንኮኒ ላይ የተዉትን መነጽር መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ተቀባዩ ነው።

ለምሳሌ ዋሽንግተን ዳለስን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ የሚሄደው ሰው በብዛት የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው። ፍተሻ ላይ የረሱት ቀበቶ ቲኤስኤ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋ ይቀመጣል። አዳራሹ ውስጥ የወደቀው ለኤርፖርቱ አስተዳደር ይገባል። የወንበር ኪስ ውስጥ የቀረው አየር መንገዱ ጋ ነው። ሦስቱም የሌላውን መዝገብ አያዩም። አንዱ "የለም" ስላለ ጠፋ ማለት አይደለም። እኔ ጋ የለም ማለቱ ነው። ስለዚህ እርግጠኛ ካልሆኑ ለሦስቱም ያመልክቱ፤ ማንም አይቆጣም።

ትራንዚት ካለዎት ደግሞ ኤርፖርቱም ሁለት ወይም ሦስት ነው። ፍራንክፈርት ላይ የረሱትን ቦሌ ደርሰው ቢጠይቁ ሊያገኙት አይችሉም።

ፍተሻ ላይ ነው የረሳሁት። ምን ላድርግ?

ኤርፖርት ውስጥ እቃ የሚረሳበት ዋናው ቦታ ፍተሻው ይመስለኛል። ጫማ ውልቅ፣ ቀበቶ ፍታ፣ ላፕቶፕ አውጣ፣ ከኋላ ሰው ይገፋል። ትሪው ከማሽኑ ሲወጣ እጅ የሚሄደው ወደ ትልቁ ነገር ነው። ትንሹ ትሪው ጥግ ላይ ይቀራል። ሰዓት፣ ቀለበት፣ የአንገት መስቀል፣ ሳንቲም፣ የቤት ቁልፍ። የትሪው ቀለም ግራጫ ወይም ጥቁር ስለሆነ ጠቆር ያለ ነገር ጭራሽ አይታይም።

ቦሌ ላይ ፍተሻው ሁለት ጊዜ መሆኑን አይርሱ። አንዱ ተርሚናሉ በር ላይ ነው። ሌላው ኢሚግሬሽን ካለፉ በኋላ ወደ በረራው በር ሲሄዱ ነው። ሲያመለክቱ የትኛው እንደሆነ ይግለጹ። "ፍተሻው ላይ" ብቻ ካሉ ሰውዬው የሚፈልገው ሌላኛው ጋ ሊሆን ይችላል። በየትኛው መስመር እንዳለፉ ካስታወሱ፣ ከግራ ሁለተኛው እንኳ ቢሉ፣ ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥረዋል። ካሜራ ማየት የሚቻለውም ቦታና ሰዓት ሲታወቅ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቲኤስኤ የተገኘ እቃ ቢያንስ ለ30 ቀን ያቆያል። ባለቤቱ ካልመጣ ይወገዳል፣ ወይም እንደ ትርፍ ንብረት ይተላለፋል ወይም ይሸጣል። "ለፋሲካ ስመለስ እጠይቃለሁ" አይባልም። ዛሬውኑ ይጻፉላቸው።

ወደፊት እንዲህ ያድርጉ፦ ትንንሹን ሁሉ ወረፋ ላይ ሳሉ የጃኬት ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከተው ዚፑን ይዝጉ። ትሪው ላይ ልቅ ነገር አያስቀምጡ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ረስቼ ወረድኩ።

ፊት ለፊት ያለው የወንበር ኪስ ብዙ ነገር ይውጣል። መነጽር፣ ታብሌት፣ ፓስፖርት፣ የጸሎት መጽሐፍ። ገና በሩ ጋ ከሆኑ ለበረራ አስተናጋጆቹ ይንገሩ፤ ራስዎ ተመልሰው እንዲገቡ ባይፈቀድም ያመጡልዎታል። ከራቁ የበረራ ቁጥሩን፣ ቀኑን እና የወንበር ቁጥሩን ይዘው ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ይሂዱ። የወንበር ቁጥሩ ያለው ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ነው። ቁራጩን ቤት እስኪደርሱ አይጣሉት።

ይፍጠኑ። አውሮፕላኑ ከተጸዳ በኋላ ሌላ ሰው ጭኖ ሌላ አገር ይሄዳል።

ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ይህን ከራሴ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ትራንዚት ላይ የእናቴን የብር መስቀል ፍተሻ ትሪ ላይ ትቼ አለፍኩ። አንገቴን የዳበስኩት አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ ቀበቶ ካሰርኩ በኋላ ነው። እንደደረስኩ ቅጹን በኢንተርኔት ሞላሁ። "የብር መስቀል፣ ትንሽ" ብዬ ላክሁ። ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ፦ ከገለጻዎ ጋር የሚመሳሰል ብዙ እቃ ስላለ ተጨማሪ ምልክት ይንገሩን። ልክ ናቸው። ብር የሆነ ትንሽ መስቀል ስንቱ ሰው ይረሳል?

እናቴ ጋ ደወልኩ። "ማተቡ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ፤ አንዱን እኔ ነኝ የቋጠርኩት ሲላላብኝ" አለችኝ። "የቀኝ ክንዱ ጫፍ ደግሞ ትንሽ ተሸርፏል፤ አንተን አዝዬ ወድቄ ነው።" ይህን ጻፍኩላቸው። ጥቁር የጥጥ ክር፣ ሁለት ቋጠሮ፣ የተሸረፈ የቀኝ ክንድ። በማግስቱ የተነሳ ፎቶ ላኩልኝ። እሱው ነው። የመላኪያ ከፍዬ በፖስታ ደረሰኝ።

ስለዚህ የእቃውን ስም ብቻ አይጻፉ፤ የእርስዎ መሆኑን የሚለየውን ይጻፉ። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን፣ የተሰነጠቀውን ጥግ፣ ሲበራ የሚመጣውን ፎቶ። ቦርሳ ከሆነ ውስጡ ያለውን በዝርዝር፣ ግማሽ የተበላውን የዳቦ ቆሎ ፌስታል ሳይቀር። ጋቢ ከሆነ የጥለቱን ቀለም። አንድ ምልክት ደግሞ ለራስዎ ያስቀሩ። እቃው ተገኘ ሲባል ባለቤትነትዎን በእሱ ያረጋግጣሉ።

ቅጹ በእንግሊዝኛ ከሆነና ከከበድዎ ፎቶ ያያይዙ። ቤት ውስጥ ያለ የድሮ ፎቶ እንኳ፣ እቃውን ለብሰው ወይም ይዘው የተነሱት፣ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

የጠፋው ስልኬ ነው።

ከሌላ ሰው ስልክ ወይም ከላፕቶፕ ገብተው በ"ጠፍቷል" ሁኔታ ይቆልፉት። አይፎን ላይ ፋይንድ ማይ በሚባለው፣ አንድሮይድ ላይ በጉግል አካውንትዎ በኩል ይሠራል። ስክሪኑ ላይ የሚደወልበት ሌላ ቁጥር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ የባንክ መተግበሪያዎን እና ሲሙን ያዘጉ። ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ቴሌብርዎም እሱ ላይ ስለሆነ ችላ አይበሉት። አገር ውስጥ ከሆኑ 994 ይደውሉ።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምለው አለ። ስልክዎ ከጠፋ ከቀናት በኋላ "አይፎንዎ ተገኝቷል፣ የት እንዳለ ለማየት እዚህ ይግቡ" የሚል መልእክት ለመጠባበቂያ ቁጥርዎ ሊመጣ ይችላል። አይንኩት። የይለፍ ቃልዎን ለመውሰድ የተሠራ ገጽ ነው። ስልኩን ከአካውንትዎ ላይ እንዲያነሱ የሚለምን ሰው ከመጣም አያንሱ። ያነሱ ቀን ስልኩ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ገና ስልኩ በእጅዎ ያለ ደግሞ አሁን *#06# ይደውሉና የሚመጣውን 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጠው ቤት ያስቀምጡ። የእኔ ነው ብለው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ፓስፖርቴ ጠፋ።

ለሌላ እቃ ጊዜ አለ፣ ለዚህ የለም። ትራንዚት ላይ ከሆኑ ወዲያው የአየር መንገዱን የትራንዚት ቢሮ ያናግሩ። ካልተገኘ ኤርፖርቱ ውስጥ ካለው ፖሊስ የጠፋበትን ማስረጃ ወረቀት ይውሰዱ፤ ከዚያ ኤምባሲዎ ጋ ይደውሉ። ኢትዮጵያዊ ሆነው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ከሆነ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ሊሴ ፓሴ የተባለውን የአንድ ጊዜ መጓጓዣ ሰነድ ሊሰጥ ይችላል። አረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ይህን ወረቀት በደንብ ያውቁታል።

የውጭ ፓስፖርት ይዘው ቢጫ ካርድዎ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎ) አብሮ ከጠፋ ሁለቱን ለየብቻ ያመልክቱ። ፓስፖርቱ የሰጠው አገር ጉዳይ ነው፣ ቢጫ ካርዱ የኢትዮጵያ።

ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ጠፍቷል ብለው በይፋ ካስመዘገቡ በኋላ ፓስፖርቱ ከሻንጣዎ ስር ቢገኝ አይጓዙበት። የአሜሪካ ፓስፖርት ለምሳሌ ጠፋ ተብሎ ከተመዘገበ ቢገኝም አይሠራም። የሌሎች አገሮችም ቁጥሩ ለኢንተርፖል መዝገብ ሊተላለፍ ስለሚችል ድንበር ላይ ያስይዛል። ስለዚህ ከማስመዝገብዎ በፊት አጥብቀው ይፈልጉ።

ሻንጣዬ አልመጣም። ሻንጣ የሚያዞረው ቀበቶ ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ሄዷል።

ብዙውን ጊዜ ሻንጣው አልጠፋም፤ ዘግይቷል። ትራንዚቱ አጭር ስለነበረ እርስዎ ሮጠው ሲደርሱ ሻንጣው አልደረሰም። በሚቀጥለው በረራ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ግን መዝገብ ከከፈቱ ነው።

እዚያው የሻንጣ አዳራሽ ውስጥ የአየር መንገዱን የሻንጣ አገልግሎት ይፈልጉ። በበርካታ አየር መንገዶች የመጡ ከሆነ የሚያመለክቱት በመጨረሻ ላደረሰዎ ነው። ፒአይአር የሚባል ሪፖርት ይሞሉልዎታል። 10 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጥዎታል፦ ሦስት ፊደል የኤርፖርቱ፣ ሁለት ፊደል የአየር መንገዱ፣ ከዚያ አምስት አሃዝ። ቦሌ ላይ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚከፍተው ኤዲዲ ኢቲ ብሎ ይጀምራል። በዚህ ቁጥር ብዙ አየር መንገዶች በሚጠቀሙበት ወርልድ ትሬሰር በተባለ ሥርዓት ሻንጣዎን መከታተል ይችላሉ። ያለዚህ ቁጥር ከበር አይውጡ። "ነገ ይመጣል፣ ሂዱ" ቢባሉም ቁጥሩን ይጠይቁ።

ቼክኢን ላይ ቦርዲንግ ፓስዎ ጀርባ የሚለጠፍልዎት ትንሽ ወረቀት የሻንጣው ታግ ነው። 10 አሃዝ አለው። ሻንጣው ያለፈበት ሁሉ የሚመዘገበው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ፣ አባላቱ ሻንጣን ሲረከቡ፣ ሲጭኑ፣ ሲያስተላልፉ እና ሲያደርሱ እንዲመዘግቡ ያስገድዳል። ስለዚህ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ሠራተኛው ማየት ይችላል። "መጨረሻ የተመዘገበው የት ነው?" ብለው ይጠይቁ።

አድራሻና ስልክ ላይ ይጠንቀቁ። ይህ በተለይ ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ ለዓመታት ሠርተው ለሚመለሱ ነው። የዚያ አገር ሲም ቦሌ ሲደርስ አይሠራም ወይም ተዘግቷል። የሚሰጡት ቁጥር እሱ ከሆነ ሻንጣው ሲመጣ የሚያገኝዎ የለም። የወንድም፣ የእህት፣ የጎረቤትም ቢሆን ሁልጊዜ የሚነሳ ቁጥር ሁለት ይስጡ። ቤትዎ ደሴ ወይም ጅማ ከሆነ፣ ራስዎ መመለስ ካልቻሉ ማን በውክልና ሊወስድልዎ እንደሚችል እዚያው ይጠይቁ። የስንት ዓመት ላብ ያለበት ሻንጣ ስልክ ባለመነሳቱ ብቻ መጋዘን ውስጥ መቅረት የለበትም።

ወደ አሜሪካ ስሄድ ሻንጣዬ ቀጥታ መጨረሻ ከተማ ይደርሳል?

በአብዛኛው አይደርስም። ታጉ ላይ ሲያትል ወይም ሚኒያፖሊስ ቢልም መጀመሪያ ባረፉበት የአሜሪካ ኤርፖርት ሻንጣዎን ራስዎ አንስተው፣ ጉምሩክ አልፈው፣ እዚያው በር አጠገብ እንደገና ያስረክባሉ። ይህን ሳያውቁ በቀጥታ ወደ ቀጣዩ በረራ የሚሮጡ ብዙ ናቸው። ሻንጣው ዳለስ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሻንጣዬን ሌላ ሰው ይዞት ሄደ። ወይም እኔ የሰው ሻንጣ ይዤ መጣሁ።

ቦሌ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ሲዞር አስቡት። አሥሩ አንድ ዓይነት ነው። የቀረው ሻንጣ የእርስዎን ከመሰለ ሳይነኩት ሠራተኛ ይጥሩ። ታጉ ላይ ያለው ስም የወሰደብዎት ሰው ስም ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ይደወልለታል።

የሰው ይዘው ቤት ከደረሱ አይክፈቱት። ውስጡን ለማየት ዚፑን አንዴ ከፈቱ በኋላ ለጎደለ ሁሉ ተጠያቂ ይሆናሉ። ታጉን ፎቶ አንስተው ለአየር መንገዱ ይደውሉ።

ምልክት ያድርጉበት። ቀይ ጨርቅ ሁሉም ሰው ስለሚያስር አይለይም። የልጅ ቀሚስ ቁራጭ፣ ያረጀ ነጠላ ጥለት ይሰሩበት። ስምና ስልክ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ሻንጣው ውስጥ ከላይ በወረቀት ያስቀምጡ። የውጩ ታግ ሲቀደድ ሻንጣው ተከፍቶ ባለቤቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ካሳ ይከፈለኛል? ስንት?

ዓለም አቀፍ በረራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት። በቼክኢን የተሰጠ ሻንጣ ከጠፋ፣ ከተጎዳ ወይም ከዘገየ አየር መንገዱ ተጠያቂ ነው፤ ጣሪያው ግን አለ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያው ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት መለኪያ ነው፤ በጠቅላላው ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። ጣሪያ ማለት ግን የሚሰጥዎ ገንዘብ ማለት አይደለም። የሚከፈለው የደረሰብዎ ኪሳራ ነው፤ እሱንም ማሳየት አለብዎ።

ቀኖቹን ልብ ይበሉ። ሻንጣው ተሰብሮ ወይም ከውስጡ ጎድሎ ከመጣ በተረከቡ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክቱ። ዘግይቶ ከመጣ በተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ። መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ካለፈው እንደጠፋ ይቆጠራል። ክስ የሚመሠረተው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። እነዚህ ቀኖች ካለፉ የቱንም ያህል እውነት ቢይዙ መብቱ ይቀራል።

ሻንጣው እስኪመጣ የገዙትን የውስጥ ልብስ፣ ሳሙና፣ መድኃኒት ደረሰኙን ይያዙ። ተመጣጣኝ ከሆነ ይጠየቃል። ሻንጣው የተከፈተ ከመሰለዎ ደግሞ ከአዳራሹ ሳይወጡ እንዲመዘን ይጠይቁ። ቼክኢን ላይ የተመዘገበው ኪሎ ከአሁኑ ጋር ካልገጠመ ጉድለቱ በቁጥር ታየ ማለት ነው።

በእጅዎ ይዘውት የጠፋ እቃስ? እዚህ ላይ ሕጉ ይለያል። አየር መንገዱ የሚጠየቀው ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ረስተውት ከሆነ ፈልገው እንዲሰጡዎት እንጂ እንዲከፍሉዎት መጠየቅ ያስቸግራል።

ወርቅና ብር ሻንጣ ውስጥ ብከትስ?

እባክዎ አያድርጉት። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለገንዘብ፣ ለጌጣጌጥና ለሰነድ ኃላፊነት እንደማይወስዱ በውላቸው ላይ ጽፈዋል። የሠርግ ወርቅ፣ ላፕቶፕ፣ መድኃኒት፣ የትምህርት ማስረጃ ከእርስዎ ጋር ይጓዝ። ፓወር ባንክም እንደዚሁ፤ እሱ ለእሳት ስለሚያሰጋ ቼክኢን ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። ዋጋው ከፍ ያለ እቃ የግድ ሻንጣ ውስጥ መግባት ካለበት ቼክኢን ላይ ዋጋውን አሳውቆ ተጨማሪ ክፍያ በመክፈል ከጣሪያው በላይ ማስመዝገብ ይቻላል። ስምምነቱ ላይ አለ፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

የጠፋው የሰው አደራ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው?

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ድምፁ ተሰብሮ ነው። የራሱ ቢጠፋ ይቀለዋል። "እህቴ ለልጇ ክርስትና የላከችው ቀሚስ ነበር።" "እናቱ በእጇ የደለዘችው በርበሬ ነው፤ በዚያው ሰሞን አርፋለች።" ይህን ገንዘብ አይመልሰውም።

ዛሬውኑ ይደውሉና እውነቱን ይንገሩ። ከሌላ ሰው ከሰሙ ጥርጣሬ ይገባል። የሪፖርቱን ቁጥር ይላኩላቸው፤ እነሱም መከታተል ይችላሉ። በአየር መንገዱ ዘንድ ግን ሻንጣው በእርስዎ ስም ስለሆነ አቤት የሚሉት እርስዎ ነዎት። ላኪው የእቃዎቹን ዝርዝር፣ ፎቶና ደረሰኝ ካለው እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ከመነሻው ደግሞ አደራ ሲቀበሉ ፊት ለፊት ተከፍቶ እየታየ ይሁን። ተሰፍቶ ወይም ተጠቅልሎ የመጣ እቃ አይቀበሉ፤ የቅርብ ዘመድም ቢሆን። ፍተሻ ላይ "ሻንጣውን ያዘጋጀኸው ራስህ ነህ?" ተብለው ሲጠየቁ መልስዎ እውነት መሆን አለበት። ሲጠፋም ውስጡ ምን እንደነበረ የማያውቁትን ነገር መጠየቅ አይችሉም። እያንዳንዱን አደራ ሲቀበሉ በስልክዎ አንድ ፎቶ ያንሱ፣ የማን መሆኑን ከላዩ ይጻፉ። "አታምነኝም እንዴ?" የሚል ቢኖር እቃው ቢጠፋ ለእሱ የሚሟገቱበት መሆኑን ይንገሩት።

እናቴ ብቻዋን ነው የምትመጣው፤ እንግሊዝኛ አትችልም። ምን ላዘጋጅላት?

የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ ቲኬቱ ላይ አስቀድመው ያስመዝግቡላት። በእግሯ ደህና ብትሆንም ረጅሙን መንገድና ወረፋውን ሠራተኛ ይዟት ያልፋል። ግን ወንበሩ ራሱ እቃ ያስረሳል። የእጅ ቦርሳዋን ጀርባው መያዣ ላይ ያንጠለጥሉላታል፤ አውሮፕላኑ በር ላይ ትነሳለች፤ ወንበሩ ይመለሳል፤ ቦርሳው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፓስፖርቷ፣ መድኃኒቷና ገንዘቧ በአንገት በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ነጠላዋ ስር ይሁን። "ይቺን ለማንም አትስጪ፣ ፍተሻ ላይ ብቻ አውልቀሽ ወዲያው መልሺያት" በሏት።

አንድ ወረቀት ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስሟን፣ የበረራ ቁጥሯን፣ የሚቀበላትን ሰው ስልክ ይጻፉ። ከስሩ ስንት ሻንጣ እንዳላትና ቀለማቸውን ይጨምሩ። ሻንጣዎቹን ከመነሳቷ በፊት ፎቶ አንስታችሁ ስልኳ ላይ አድርጉላት። አንዱ ካልመጣ ሳትናገር ፎቶውን ታሳያለች።

ኤርታግ ሻንጣ ውስጥ ባስቀምጥ ይጠቅማል?

ይጠቅማል። ኤርታግ የአፕል ትንሽ መከታተያ ነው። ራሱ ኢንተርኔት የለውም፤ በአጠገቡ በሚያልፉ አይፎኖች በኩል ነው የት እንዳለ የሚያሳውቀው። ኤርፖርት ደግሞ አይፎን የሞላበት ነው። ሻንጣዎ ፍራንክፈርት እንደቀረ ቦሌ ላይ ቆመው ካዩ ለሠራተኛው ይህን ማሳየት ፍለጋውን ያሳጥረዋል። ሪፖርቱን ግን አይተካም።

ፌስቡክ ላይ የኤርፖርት ሻንጣ በ2 ዶላር ይሸጣል ሲባል አየሁ። እውነት ነው?

ውሸት ነው። በኤርፖርት ስም የሚከፈቱ የሐሰት ገጾች የባንክ ካርድ ቁጥር ለመስረቅ የሚያወጡት ማስታወቂያ ነው። ባለቤት ያልተገኘለት ሻንጣ መሸጡ ግን እውነት ነው። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ስኮትስቦሮ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ይህንኑ ከአየር መንገዶች እየገዛ የሚሸጥ መደብር አለ። ሻንጣ እዚያ የሚደርሰው አየር መንገዱ ሦስት ወር ያህል ባለቤቱን ፈልጎ ካጣ በኋላ ነው።

ሻንጣዬ ጠፋ ብለው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲጽፉም የታጉን፣ የቦርዲንግ ፓሱን ወይም የፓስፖርቱን ፎቶ አይለጥፉ። "ሻንጣህ እኔ ጋ ነው፣ ማስለቀቂያ ላክ" የሚል ሰው በቴሌግራም የሚመጣው ያን አይቶ ነው። ክፍያ ካለ የሚከፈለው ቢሮው ውስጥ በደረሰኝ ነው።

እኔ የሌላ ሰው እቃ ባገኝስ?

ባለቤት አልባ ሻንጣ ከሆነ አይንኩት፣ አያንቀሳቅሱት፤ ለጥበቃ ይንገሩ። ስልክ፣ ቦርሳ ወይም ቀለበት ከሆነ በጣም ቅርብ ላለው ሠራተኛ ይስጡና የት እንዳገኙት በትክክል ይንገሩት፦ የትኛው በር፣ የትኛው ወንበር፣ የትኛው መታጠቢያ። "ባለቤቱን ራሴ ፈልጌ እሰጠዋለሁ" ብለው ይዘውት አይብረሩ። ባለቤቱ ሁለት በር አልፎ ቆሞ እየዳበሰ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሚመለሰውም ወደተወበት ቦታ ነው።